ጋሽ ወርቅአገኘሁ ለኮከብ ያለቀሱ ዕለት

ክው የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ያ ሰፈር መሬቱ ገና ለነዋሪ አልተመራም ማለት ነው። ሌላው ሰው ወሬ ይሰማል፤ ክው ባይን ግን ወሬው ይመታዋል። እጁን ደረቱ ላይ ይጭናል፣ ዐይኑን ያፈጣል፣ እናንተም አብራችሁ ካልደነገጣችሁ አይለቃችሁም።

የእኛ ደብረ ብርሃን ሰፈር ክው ባይ ክቡር ጋሽ ወርቅአገኘሁ ናቸው፤ በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በሹመታቸው የድንጋጤ ሚኒስትር። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛ ነን። ድሮ የጤፍ ዋጋ ይበቃቸው ነበር። ስልካቸው ኢንተርኔት ከገባለት ወዲህ ግን ምድር ጠበበቻቸውና ወደ ሰማይ ወጡ።

አንድ ቀን ለኮት ሲለኩኝ፣ ሜትራቸውን ትከሻዬ ላይ እንደያዙ ቀጥ አሉ።

«ሰማህ ወይ? ጠፈር ላይ የሰደዱት ቴሌስኮፕ መስታወቱ ወርቅ የተቀባ ነው። ወርቅ! ክው ነው ያልኩት!»

«ለምን ወርቅ?» አልኩ፣ ሞኝ ነኝና።

«ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን መንገድ ላይ ይለጠጥና ለዐይን አልታይ ይላል። ያንን አጥርቶ የሚመልሰው ወርቅ ነው አሉ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተሐና ከጓዳ ሆነው «ሰማዩ ይቀባ፤ የእኔ ጆሮ ባዶውን ይቅር» አሉ። ክቡርነታቸው አልሰሙም። የእኔም ኮት አንድ እጅጌው አጥሮ ቀረ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በዕድር ስብሰባ መሃል እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢው ስለ ድንኳኑ የሚናገሩ መስሏቸው ዕድል ሰጧቸው። «ቺሊ ተራራ ላይ የተተከለ ቴሌስኮፕ አለ፤ ካሜራው መኪና ያህላል! በየጥቂት ሌሊቱ ሰማዩን እያነሳ ከድሮው ፎቶ ጋር ያስተያያል። አዲስ የበራ፣ የጠፋ፣ ቦታ የለወጠ ካለ ወዲያው ለዓለም ይናገራል። እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀምጣችኋል?» ዝም ብለን ተቀምጠን ነበር። «ይሄንንማ ጎረቤቴ ያለ ካሜራ ትሠራዋለች» አለ አንዱ። ክቡርነታቸው «እኛስ አንኮበርን የሚያህል ከፍታ ይዘን!» ሲሉ ደግሞ አንድ የአንኮበር ሰው ከኋላ «ጉሙን ማን ይገልጥልዎታል?» አላቸው።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው ምስጢር አይነገርም። አፋቸው ቢችል እንኳ ፊታቸው ያወጣዋል።

ባለፈው ዓመት የእናቴ አንድ ወንድም፣ አጎቴ ዘሥላሴ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን በድንገት አረፈ። እናቴ በዚያ ቀን አሊዩ አምባ ገበያ ወርዳ ነበር። ደም ግፊት አለባት። መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ማለዳ፣ በቤት፣ ዘመድ ከቦ ነው። ሳትሰማ ቤቷ መግባት አለባት። አብሯት የወረደው ማን እንደሆነ ትዝ ሲለን ሁላችንም ደርቀን ቀረን። ጨርቅ ሊገዙ የሄዱት ክቡርነታቸው!

ደውዬ ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። እሳቸው ዝም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ይበልጥ ደነገጥኩ። ቆይተው «እሺ፤ አመጣቸዋለሁ» አሉና ዘጉት።

በመንገድ የሆነውን የሰማሁት ዐርባው ካለፈ በኋላ ከእናቴ ነው። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ስለ ጋላክሲ ጀመሩ፤ እረፍት የለ፣ ትንፋሽ የለ። ከሩቁ ጋላክሲ ብርሃኑ ሲነሣ ምድር ራሷ አልተፈጠረችም ነበር አሉ። አንኮበር ሲደርሱ እንባቸው ይወርድ ነበር።

«ወርቅአገኘሁ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ኮከብ ሞቶ ነው፣ እትዬ።»

«የቱ ኮከብ?»

«ሩቅ ነው፣ አያውቁትም። እሱ ሞቷል፤ ብርሃኑ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በቴሌስኮፕ ሲያዩት ያለ ይመስላል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። «ወገን የለውም?» አለቻቸው።

ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «እህት አለችው። አልሰማችም።»

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ሲነግሯት እናቴ ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ጥግ ቆመው እያለቀሱም ኮራ ብለው ነበር፤ ምስጢር ጠብቀዋላ!

ዐርባው አልፎ ይህን ሁሉ ስታወራኝ ግን «እኔ እኮ አንኮበር ላይ ገብቶኛል» አለችኝ እናቴ።

ክው ያልኩት እኔ ነኝ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ያን ያህል እየለፋልኝ እንዴት ብዬ ሰማሁ ልበለው? እኔም አብሬው አለቀስኩ። ሰዉ ለኮከቡ መሰለው።»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ዛሬም «ምስጢር መያዝ እንደ እኔ!» እያሉ ሰፈሩን ይዞሩታል። አንድም ቀን አላረምኳቸውም። እወዳቸዋለሁ። ይህን የምታነቡ የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ አደራ፣ እንዳትነግሯቸው።