የማሽን አስታራቂው ሙሂዲን

በዚህ አገር ማንኛውም ከባድ ሥራ ሊያልቅ ሲል ዘግይቶ የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ሌላው አፈር ድሜ በልቶ፣ ወገቡ ተቆርጦ፣ ነገሩ መልክ መያዝ ሲጀምር እሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ብቅ ይላል። በአንድ ጣቱ ነካ ያደርጋል፤ ምስጋናውን ሰብስቦ ይሄዳል። ሠርግ ቤት አለ፣ ልቅሶ ቤት አለ፣ ሽምግልና ላይም አይጠፋም። በእኛ ሙያ፣ ማለትም ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው የኤክስካቫተር ጥገና፣ ይህ ሰው ክቡር የማሽኖች አስታራቂ ሙሂዲን ይባላል። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሰጠሁት ደግሞ በቅናት ነው።

አዎ፣ እቀናበታለሁ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም። እኔ ባንተአምላክ፣ ሃይድሮሊክ ፓምፕ ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ የምገጥም፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ግራሶ በሳሙና የማይለቅ መካኒክ፣ በዚህ ሰው ቀንቼ ከስቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ያገለገሉ ኤክስካቫተሮች ከጅቡቲ እየተጫኑ ወደ እኛ መጉረፍ የጀመሩ ጊዜ ነው። የድሮው ማሽን ሲታመም ያጨሳል፣ ዘይት ያፈሳል፣ ያንኳኳል፤ በሽታውን አይደብቅህም። እነዚህ ግን ሌላ ናቸው። ሞተራቸው ኮምፒውተር አለው፣ ፓምፓቸው ኮምፒውተር አለው፣ ኦፕሬተሩ ፊት ያለው ሞኒተርም ሌላ ኮምፒውተር ነው። ሦስቱ በቀጫጭን ሽቦዎች ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ። ወሬያቸው የተቋረጠ እንደሆነ ያ ሁሉ ብረት ባለበት ቆሞ ይቀራል። ምንም አይጨስ፣ ምንም አይፈስ፤ ሞኒተሩ ላይ አንዲት ቀይ ጽሑፍ ብቻ ትወጣለች።

ያኔ ሙሂዲን ይጠራል። ሞጣ ገበያ ሬዲዮና ሞባይል ሲጠግን ኖሮ ነው ወደ ማሽን የተሻገረው። የነጋዴ ልጅ ስለሆነ አንደበቱ ይጣፍጣል። እኔ መፍቻዬን በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስጭን፣ እሱ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ጋቢና ይቀመጣል። ሲደርስ ማሽኑን አይነካም፤ መጀመሪያ ወንበር ይጠይቃል። ቀጥሎ መጨረሻ የነካት ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ከዚያ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያችን ንግግሩን ይናገራታል።

«አልታመመችም። ውስጧ ያሉት ተኳርፈው ነው።»

አሠራሩም እውነትም የሽማግሌ ነው። ሶኬቶቹን ተራ በተራ ይነቅላል። አንዱን ከጉባኤው ሲያስወጣው የቀሩት ማውራት ከጀመሩ፣ ነገረኛው የወጣው ነው ማለት ነው። ሉማሜ ላይ እኔ ፓምፕ አውርጄ፣ ዘይት ታጥቤ፣ ጀርባዬ አልቃና ሲለኝ እሱ መጥቶ አይጥ የበላውን ሽቦ በእስክርቢቶ ጫፍ አሳየን። ባለቤቶቹ በደስታ በግ አመጡና ራሱ እንዲያርድ ጋበዙት። ለእኔም ሥራ አልጠፋም፤ ቢላዋውን እንድስል ሰጡኝ።

ቤቴ ገብቼም አላረፍኩም። ባለቤቴ የትናየት፣ አኩርፌ እራት አልበላም ባልኩ ቁጥር ሙሂዲንን ልጥራልህ ወይ ትለኛለች።

በ2008 ዓ.ም. የቢቸናው እህል ነጋዴ አቶ አስናቀው አንድ ያገለገለ ኤክስካቫተር ገዛ። በዚያ ዓመት በእጄ የነበረችው ቋሚ ማሽን እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷ ከእጄ ከወጣች መፍቻዬን ጠቅልዬ ወንድሜ ማሳ ላይ አረም ነቃይ መሆኔ ነው። ሰኔ ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ እየቆፈረች ሳለ ድንገት ቆመች። አስናቀው ጣቱን ቀስሮ፣ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ከተገኘ ሌላ መካኒክ እንደሚያመጣ በሰው ፊት ነገረኝ። ሙሂዲንም ተጠራ።

ረመዳን ከሐዋርያት ጾም ጋር የገጠመበት ሰሞን ስለነበር ቀኑ ለሁላችንም ደረቅ ነበር። የአስናቀው እናት ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ጃንጥላ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሙሂዲን ወንበሩን ጠየቀ፣ ንግግሩን ተናገረ፣ ሶኬቶቹን ነቃቀለ። በመጨረሻ የኦፕሬተሩን መቀመጫ አነሳ። እኔ ከትከሻው ኋላ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሶኬቱ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፤ ዙሪያውን አመድ የመሰለ ነገር ደርቆ ተጣብቋል።

ሁለታችንም ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅን። ማሽኗ የመጣች ዕለት ሁለታችንም ነበርን፤ እሱ የሞኒተሩን ቋንቋ ከኮሪያኛ ወደ እንግሊዝኛ ሊለውጥ መጥቶ ነበር። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ጸበል በጄሪካን፣ እምነት በወረቀት ጠቅልለው አመጡ። የሰው ዓይን የሚያርፈው መቀመጫ ላይ ነው ብለው እምነቱን በጸበሉ በጥብጠው ጄሪካኑ እስኪደርቅ መቀመጫው ሥር አፈሰሱት። ጸበል የያዘች አሮጊት ማን ደፍሮ ያስቆማል? እኛ አሜን አልን፤ ሙሂዲንም በአክብሮት ዘወር ብሎ ቆመ።

አስናቀው ሶኬቱን አይቶ ውሃ መሆኑን ጠየቀ፤ ሙሂዲን አዎ አለ። ማን እንዳስገባው ጠየቀና ወደ እኔ ዞረ። ማሽኗን የማጥባት እኔ ነኛ። እናትየውም ቀና አሉ። ሙሂዲን እውነቱን ቢናገር አሮጊቷ ጸሎታቸው የልጃቸውን ማሽን እንዳቆመ በሰው ፊት ሊሰሙ ነው። ዝም ካለ ደግሞ እኔ አለቀልኝ። ዝም እንደሚል አልተጠራጠርኩም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔ ዝም እል ነበር።

ሙሂዲን ከኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣ። የደረቀውን እምነት ጠርጎ መሐረቡን በጥንቃቄ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ። «ያን ቀን ስከፍታት የሶኬቷን መሸፈኛ ጎማ በደንብ አልመለስኩም። ዝናብ ያስገባሁባችሁ እኔ ነኝ።»

ያን ቀን ከሞኒተሩ በቀር አንድም ነገር አልነካም፤ አጠገቡ ነበርኩ። ሶኬቱን አጽድቶ ሲሰካው ማሽኗ ተነሳች። ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ሞጣ ሲሳፈር አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየኝም። ቢያየኝ ውለታ ጣለብኝ ብዬ እጠላው ነበር፤ ያንንም ነፈገኝ።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን አስናቀው ለሰው ሁሉ ያወራል። ሙሂዲን ዝና አሳብዶት እጁ ዝርክርክ ሆኗል፤ ጎማ መመለስ እንኳ ይረሳል፤ ከእንግዲህ ለኮምፒውተሩ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው የማመጣው ይላል። ይህን ወሬ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። በሕልሜ እንኳ ሰምቼው ስቄ ነቅቻለሁ። አሁን ግን ደስ አላለኝም። ቅናቴም አልተወኝም፤ እንዲያውም ባሰበት። በሙያው በልጦኝ አልበቃውም፣ ደግሞ በደግነትም ሊበልጠኝ?

«ሙሂዲን ጎማ አይረሳም» አልኩ። «ውሃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሳጥባት ነው።»

አስናቀው ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። ልቤ ከመፍቻዬ ጋር ወደ ወንድሜ ማሳ ጉዞ ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ከእንግዲህ ማጠቡን ለኦፕሬተሩ እንድተው፣ እኔ ፓምፔን እንድይዝ፣ ሙሂዲን ደግሞ ኮምፒውተሩን እንዲይዝ ወሰነ። ሁለታችን ምን እንደነካን ግን እንደማያውቅ ተናገረ።

በማግስቱ ከሞጣ ተደወለልኝ። ወሬው ደርሶት ኖሯል።

«ጋሽ ባንቴ፣ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» አለኝ ሙሂዲን። «እኔ ጨርሼው አልነበር?»

«ስለጨረስከው እኮ ነው» አልኩት። «አንድ ቀን እንኳ እኔ በመጨረሻ ልምጣ እንጂ።»