እርስዎ ይለፉ፣ ክቡር ጄኔራል

በዓለም ላይ ያለ ከተማ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሳይጠየቅ አስተያየት የሚሰጥ አንድ ሰው አያጣም። ዜና አለቀ የሚባለው ጉዳዩ ሲያልቅ አይደለም፤ እኚህ ሰው ሐሳባቸውን ሲሰጡበት ነው። በማኒቶባ የስንዴ ማሳዎች መካከል የተቀመጠችው የእኛዋ ፕለም ሪጅም አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ እና አንድ ክቡር ኦርቪል ኮስቲንዩክ አሏት።

ክቡርነታቸው ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የእህል ጎተራ ያስተዳድሩ ነበር። አሁን ሳሎናቸው ጥግ፣ ባለቤታቸው ዶሪን የልብስ ስፌት መኪናዋን ታስቀምጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ሆነው ዓለምን ያስተዳድራሉ። "የኦርቪል እይታ" የሚባል የኢንተርኔት ገጽ አላቸው። ጠዋት ስለ ዋና ከተማችን ኦታዋ ፖለቲካ ይጽፋሉ፤ ከምሳ በኋላ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ በኢንተርኔት ስለሚጫወቱት የታንክ ጦርነት። አንዳንዴ ሦስቱ ይደባለቁባቸዋል። አንድ ጊዜ አንዱን ሚኒስትር "ጎኑን ለጠላት ከፍቶ ኮረብታ የወጣ" ብለው ተቹት፤ የሰፈሩ ሰው ሚኒስትሩ ተራራ ላይ ጠፋ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲጨነቅ ከረመ።

ጽሑፋቸው ሁሉ የሚጀምረው በአንድ አባባል ነው፦ "ማንም ደፍሮ አይናገረውም እንጂ እኔ እናገረዋለሁ።" ከዚያ የሚከተለው ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚናገረው ነገር ነው። ብርዱ በዛ። ቅቤ ተወደደ። ስልኬ ይሰልለኛል።

"ትናንት ለዶሪን ስለ ጉልበቴ ሳወራ፣ ወዲያው የጉልበት ቅባት ማስታወቂያ መጣልኝ!" አሉኝ አንድ ቀን።

"ታዲያ ተናደዱ?"

"ምን ያናድደኛል? ቢያንስ አንድ የሚያዳምጠኝ አገኘሁ።"

በጦር ሜዳ ስማቸው "ነጎድጓድ" ነው። ከፊንላንድ እስከ ብራዚል የተበተነ ጦር ያዛሉ። ጦሩ ግን እምብዛም አያሸንፍም፤ ምክንያቱም ጄኔራሉ የሰው ታንክ ባቃጠሉ ቁጥር ቆም ብለው "ይቅርታ ወንድሜ፣ አላየሁህም" ብለው ይጽፋሉ። ጽፈው ሳይጨርሱ ራሳቸው ይቃጠላሉ። በበረዶው ወራት ደግሞ "ጥቁር ተኩላ" የሚባል ጠላት ተነሥቶ መከራቸውን አሳያቸው።

ጉዱ የፈላው ከንቲባችን ኤልቪራ ፍሪሰን በመስቀለኛ መንገዳችን ላይ ካሜራ ያለው "ብልህ" የትራፊክ መብራት እናስተክላለን ባሉ ጊዜ ነው። ያለን መስቀለኛ መንገድ አንድ ነው፤ በአራቱም በኩል "ቁም" የሚል ምልክት አለው። ሕጉ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይለፍ ይላል። የእኛ ሰው ግን ቀድሞ ማለፍን እንደ ብልግና ይቆጥረዋል፤ ከመሪው ላይ ሁለት ጣቱን አንሥቶ "እርስዎ ይለፉ" ይላል። "ኧረ እርስዎ!" "በፍጹም፣ እርስዎ!" አንድ ቅዳሜ የቀብር አጀብና የሠርግ አጀብ እዚያው ተገናኝተው ሁለቱም አላልፍም አሉ። ቀኑ ሲመሽ ቀባሪዎቹ ኬክ በልተው፣ ሠርገኞቹ አልቅሰው ተለያዩ።

"በከንቱ ነው ነዳጅ የምናቃጥለው" አሉ ከንቲባዋ።

የክቡርነታቸው ደም ፈላ። "ማንም ደፍሮ አይናገረውም እንጂ እኔ እናገረዋለሁ፤ እለፍ አትለፍ የሚለኝ ማሽን አይኖርም! መብራቱ ከተተከለ ይህን ገጽ ለዘላለም እዘጋዋለሁ!"

ከተማው ደነገጠ። ጋዜጣችን ከተዘጋ ወዲህ ማን እንደሞተ፣ የሐይቁ በረዶ መኪና ይሸከም እንደሆነ የምናውቀው ከዚሁ ገጽ፣ ከስድቡ ግርጌ ነው። ዶሪን ቤቴ ድረስ መጣች።

"በናትህ አንድ ነገር በለው" አለችኝ። "ገጹን ከዘጋ ያን ሁሉ አስተያየት ማን ላይ የሚያወርደው ይመስልሃል? ከወዲሁ ሾርባዬን 'የአመራር ክፍተት አለበት' ብሎኛል።"

ምክር ቤቱ ድምፅ ሊሰጥ በዋዜማው ልለምናቸው ሄድኩ። ክቡርነታቸው ጦርነት ላይ ስለነበሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ድልድዩን ቀድሞ የተሻገረ ያሸንፋል። ነጎድጓድ ከወዲህ ደረሱ፤ ጥቁር ተኩላ ከወዲያ ደረሰ። ድልድዩ የሚያሳልፈው አንድ ታንክ ብቻ ነው። ሁለቱም ቆሙ።

"ይተኩሱ እንጂ!" አልኩ።

"ዝም በል፤ እኩል ነው የደረስነው።"

"እርስዎ ይለፉ" ብለው ጻፉ። ከማዶ መልስ መጣ፦ "ኧረ እርስዎ!" "በፍጹም፣ እርስዎ!" "ግድ የለም፣ አልቸኩልም።" ፊንላንዳዊው ጮኸ፤ ብራዚላዊው በቋንቋው ተሳደበ። ሰዓቱ አለቀና ሁለቱም ጦር ተሸነፈ። ክቡርነታቸው ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። በጦርነት መሃል ድልድይ አፍ ላይ ቆሞ "አልቸኩልም" የሚል ሕዝብ የት እንዳለ ያውቃሉ። ቀስ ብለው ጻፉ፦

"ይቅርታ፣ ከፕለም ሪጅ ነዎት?"

መልስ መጣ፦ "ኦርቪል? አንተ ነህ እንዴ?"

"ኤልቪራ! እንዲህ ስታቃጥይኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ?"

"ምን ላድርግ፤ ገጽህን ባነበብኩ ቁጥር እጄን ይበላኛል።"

"ታነቢዋለሽ?"

"አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም።"

ጄኔራሉ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገው ሲያበቁ እንደገና ጠረጉት። እኔም የመጣሁበትን ጉዳይ ሳላነሳ ወጣሁ።

በማግስቱ ከንቲባዋ ምክር ቤቱ ፊት ቆመው፣ "ድልድይ ላይ ቆሜ አሰብኩበት፤ ለካ እኔም መጠበቁን እወደዋለሁ" አሉና ዕቅዱን ሰረዙት። የትኛው ድልድይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ከተማችን ድልድይ የላትም። አመሻሹ ላይ ገጹ ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ "ማንም ደፍሮ አይናገረውም እንጂ እኔ እናገረዋለሁ፤ ከንቲባችን ትንሽ ሲገፏት ሐሳቧን ትቀይራለች። ደካማ አመራር!"

ባለፈው ቅዳሜ የተጠበሰ ዓሣ ገዝቼ ወደ ቤት ስመለስ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ደረስኩ። ከቀኝ ክቡርነታቸው፣ ከፊት ለፊት ከንቲባዋ። ሦስታችንም ጣት አነሣን። ማንም ንቅንቅ አላለም። ዓሣው እየቀዘቀዘ ስለሆነ ሞተሬን አጥፍቼ መብላት ጀመርኩ። ስልኬ ጮኸ፤ አዲስ ጽሑፍ ነው።

"ማንም ደፍሮ አይናገረውም እንጂ እኔ እናገረዋለሁ፤ በምሥራቅ በኩል የቆመው ሰማያዊ መኪና ከተማውን አግቶ ዓሣ ይበላል!"

ሰማያዊው መኪና የእኔ ነው። ክቡርነቱን ለአንድ አፍታ ልተወውና፣ ኦርቪልን እወደዋለሁ። ገጹን ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ማን ይሰድበኝ ነበር? ቅባት በነካው እጄ ሁለት ጣት አነሣሁለት።

አላለፈም።