ምልዓተ ጉባኤው በጉም ውስጥ

በየከተማው፣ ሰው ተሟልቶ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ የደባርቁ ጋሽ ያርጋል ናቸው። በነሐሴ መድኃኔዓለም ጠዋት ሊማሊሞ አፋፍ ላይ በአጋጣሚ አገኘኋቸው። ጉሙ ከገደሉ ሥር እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ እየተነሣ መንገዱንም ዛፉንም ውጦታል። አስቀድሞ የደረሰኝ ድምፃቸው ነው።

«የተከበራችሁ አባላት! ምልዓተ ጉባኤው ሊሟላ ጥቂት ነው የቀረው፤ እባካችሁ አትበተኑ!»

ጋሽ ያርጋል የቁጠባና ብድር ማኅበራችን የቦርድ አባል ናቸው። አበል የላቸውም፤ የስብሰባውን ሻይ እንኳ የሚችሉት ከኪሳቸው ነው። የሹመታቸው ምልክት ከብብታቸው የማይለይ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ብቻ ነው። ሙሽሮች ቀለበት ሲያደርጉ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ብለው ዳሱን ያስጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። ከፍጥረት ሁሉ አብልጠው የሚግባቡት ከዳባት ሚኒባስ ጋር ነው፤ እሷም ሳትሞላ አትንቀሳቀስማ! ባለቤታቸው እትዬ የዓለምወርቅ ግን «የዚህ ቤት ራት ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶለት አያውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድላል» ይላሉ።

የዚያን ዕለቱ ነገር ግን ለቀልድ አይመችም ነበር። በሐምሌው ዝናብ የወርቄ በቅሎ ገደል ገብታለች። ወርቄ ከጊች በኩል የሰው ገብስ ወደ ገበያ እየጫነች ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። ሌላ በቅሎ ለመግዛት ከማኅበሩ ብትጠይቅ፣ ደንባችን ደመወዝተኛ ዋስ አምጪ ይላታል። በቅሎ ጫኝ ደመወዝተኛ ዘመድ ከየት ታመጣለች? ጋሽ ያርጋል «ጎረቤቶቿ ተባብረው ይዋሷት» የሚል ማሻሻያ አዘጋጁ። ደንብ የሚሻሻለው ግን ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኝ ነው፤ እሱን ነው ምልዓተ ጉባኤ የሚሉት። የመጀመሪያው ስብሰባ ቀብር ገጠመው። ሁለተኛውን በረዶ በተነው። የዛሬው ሦስተኛው ነው። ይህም ከቀረ የሚቀጥለው ከጥር ወዲያ ነው፤ ያኔ አዝመራውን ሁሉ ሌላ ሰው ጭኖት አልፏል።

ወደ ድምፁ ተጠጋሁ። ጋሽ ያርጋል ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከፊታቸው፣ ጉሙ ውስጥ፣ ደበሎ የደረበ የሚመስል ሕዝብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«መምህር! እሰይ፣ አንተም መጣህ? ከቆላ የመጡትን ልቀበል ወጥቼ ነው። ሃያ ሦስት ናቸው፤ ዳገቱ አድክሟቸው መሰለኝ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሱም።»

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ እኔም አባላት መሰሉኝ። እዚያ ጉም ውስጥ ገደሉ ሜዳ ይመስላል፤ የሩቁ ደወል ጆሮ ሥር ይሰማል፤ ሰው የተመኘውን ሁሉ ተቀምጦ ሲጠብቀው ያያል።

«የወርቄን ጉዳይ ነገሯቸው?»

«ከሀ እስከ ፐ! የተቃወመኝ አንድ ብቻ ነው፤ ያ ጸጉራሙ። ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። ተቃውሞውን መዝግቤለታለሁ።»

ነፋስ መጣና ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠ። ሃያ ሦስቱ የተከበሩ አባላት ሣር የሚነጩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ነበሩ። ጸጉራሙ ተቃዋሚ ተነሣ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ገደሉ ወረደ። ጉባኤው ተከተለው።

ልስቅ ነበር። ጋሽ ያርጋል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው መዝገቡ ላይ «23» የሚለውን በአውራ ጣታቸው ሲሸፍኑ ሳይ ግን ተውኩት።

«ወርቄን ምን እላታለሁ? ከገደል የተረፈውን ኮርቻ ተሸክማ አዳራሹ በር ላይ ቆማለች። በቅሎ የላት፣ ኮርቻ ይዛ!» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ጉሙን ላይ» አልኩ። ከስብሰባው ሸሽቼ የመጣሁ፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጉባኤ ያልረገጥኩ አባል መሆኔን ግን ዋጥኩት።

«ካየኸው ይበቃል፤ እንሂድ» ብለው ተነሡና ክንዴን ያዙ።

መንገድ ላይ ያላንኳኩት በር የለም። አንዱን አባል ከጸጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ጎትተው አስነሡት። «ግማሽ ጸጉሬን እኮ ነው የተላጨሁት!» ቢላቸው፣ «ግማሽ የተላጨም ሙሉ ድምፅ አለው!» አሉት።

አዳራሹ ውስጥ ቆጠሩን። ስልሳ። የሚያስፈልገው ስልሳ አንድ ነው። እንደገና ቆጠሩ፤ ያው ስልሳ። ሰው ጋቢውን መሰብሰብ ጀመረ። ጋሽ ያርጋል በመስኮት ወደ ሊማሊሞ በኩል ሲያዩ፣ ያንን ጸጉራም እንኳ በሰጠኝ የሚሉ መሰለኝ። እኔ ግን የማየው በሩን ነበር።

«ጋሽ ያርጋል፣ ወርቄ ራሷ አባል አይደለችም እንዴ?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ወርቄ «በራሴ ጉዳይ ምን ብዬ እገባለሁ?» ብላ፣ አፍራ ደጅ ቀርታ ነበር።

«ድምፅ አትሰጥም» አሉ ጋሽ ያርጋል መዝገባቸውን እየከፈቱ፣ «ለቁጥር ግን ሙሉ ሰው ናት! ግቢ ልጄ!»

ኮርቻዋን እንዳቀፈች ገባች። ደንቡ ተሻሻለ፤ ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ሁለት እጁን ነበር ያወጣው።

ስንለያይ ጉሙ ተመልሶ ከተማዋን ሸፍኗታል። ጋሽ ያርጋል ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ድምፃቸው ብቻ መጣ።

«መምህር! በሚቀጥለው ስብሰባ ከቀረህ አፋፉ ላይ ወጥቼ ከነዚያ መካከል ነው የምፈልግህ። እነሱ እንኳ ንግግሬን እስከ መጨረሻው ሰምተዋል።»