ጋሽ መርማሪ እና የላላው ብሎን

ሦስት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንደኛው መርማሪ ነው። ማንም አልሾመውም፣ በደመወዙም ላይ ሳንቲም አልተጨመረለትም። ግን ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ አምፖል ሲቃጠል፣ አንዱን ሆዱን ሲቆርጠው፣ ከሁላችንም ቀድሞ ራሱን የሚነቀንቀው እሱ ነው። በእሱ ዓለም በራሱ የሚበላሽ ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር ያበላሸው ሰው አለው።

የእኛ ቴአትር ቤት መርማሪ የመብራት ሠራተኛው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር «ጋሽ መርማሪ» ነበር የምንለው፤ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

መጋረጃው ግማሽ ላይ ሲቆም «እዚህ ውስጥ እጅ አለ!» ይላል። ሦስት ተዋንያን በአንድ ሳምንት ጉንፋን ሲይዛቸው «እጅ አለ!» ይላል፤ ጉንፋኑም ተልኮ የመጣ ነው። አንድ ጊዜ ድመት የአልባሳት መጋዘን ገብታ ብትወልድ፣ ክቡር መርማሪያችን «ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው? ማን አስገባት?» እያለ ዘበኛውን ቁም ስቅሉን አሳየው።

ምርመራውም የራሱ ስልት አለው። ልምምድ ላይ እያለን መብራቱን ቀስ አድርጎ ያዞርና ተጠርጣሪው ፊት ላይ ይለቅበታል። ተጠርጣሪው መቼም ሰው ነውና ዓይኑን ይጨፍናል። ከጨለማው ውስጥ «አያችሁ? ጨፈነ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። በዚህ ማስረጃ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጥፋተኛ እንደተባልኩ እንጃ።

አንድ አዲስ ድራማ የመጣብን እንግዲህ ይህ ሰው ባለበት ነው። በድራማው ውስጥ የአንዲት መንደር የጉድጓድ ውሃ ይመርራል። መንደርተኛው ባሏ በሞተባት ሴት ላይ ያሳብባል፤ መተተኛ ናት ይላታል። አንዱ «አይቻታለሁ» ሲል ሌላው እየተቀበለ፣ መጨረሻ ላይ ሴትዮዋን ዳኛ ፊት አቁመው ያጠፏታል። እኔ ሦስተኛው ጎረቤት ነበርኩ። የድርሻዬ ጠቅላላ ርዝመት «እኔም አይቻታለሁ!» የሚል ነው፤ አሳምሬ እለዋለሁ፣ እናቴ ምስክሬ ናት።

ጋሽ መርማሪ ድራማውን ወደደው። ችግሩ፣ የወደደው መንደርተኞቹን ነው።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ ንጹህ ናት» አለው አዘጋጁ።

«ታዲያ ውሃው ለምን መረረ?»

«ለምን እንደመረረ አይታወቅም። ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው።»

«አይ፣ ደራሲው እየደበቀ ነው። ለመሆኑ ይሄ ደራሲ ከማን ጋር ነው የሚውለው?»

ድራማው በታየበት የመጀመሪያ ቀን የፊት ወንበር ላይ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ተቀመጡ። ዳኛውን የሚጫወተው ተዋናይ ብድግ ብሎ «ይህችን መንደር የመረዛት ሰው አሁን በመካከላችን አለ!» ሲል፣ ተከሳሿን ሴት የምትጫወተው ተዋናይት በድንጋጤ ወደ ኋላ አፈገፈገች። የቀሚሷ ጫፍ ከመድረኩ ጎን የቆመውን መብራት ያዘና አዞረው። ብርሃኑ ከዳኛው ላይ ተነሥቶ፣ ሄዶ ሄዶ ባለሥልጣኑ ፊት ላይ ዐረፈ። ባለሥልጣኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ቀሚሱ መብራቱን ሲይዝ ያየነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፦ ከኋላዋ የነበርኩት እኔና መብራቱ አጠገብ የነበረው ጋሽ መርማሪ። እሷ ራሷ እንኳ ልብ አላለችውም።

በማግስቱ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። «ሳይታወቅ የተፈጠረ ነገር ይሆናል» ብንላቸው ሊሰሙን አልፈለጉም፤ ጥያቄያቸው «ከበስተጀርባ ማን አለ?» ብቻ ነው። ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ ትዝታው ተቀሰቀሰ። ሜካፕ የምትሠራው ሴት፣ ባለሥልጣኑ ሲገቡ አዘጋጁ ከመቀመጫው እንዳልተነሣ ትዝ አላት። አዘጋጁ ደግሞ ዳኛው ያቺን ንግግር ከልምምዱ የበለጠ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደተናገራት ትዝ አለው። ዳኛው በበኩሉ፣ ሳቁ ሲነሣ ተዋናይቷ ፈገግ ማለቷን ተናገረ። «እኔም አይቻታለሁ» አለ ትኬት ቆራጩ። ትኬት ቆራጩ በዚያ ሰዓት ውጭ በር ላይ ነበር፤ ግን ማንም ይህን አላነሣበትም።

ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ስም አልጠራም። የኮሚቴው ሊቀመንበር የተዋናይቷ ጉዳይ ለፖሊስ እንደሚተላለፍ ተናገሩ። እሷም ልጆቿን ጎረቤት ጥላ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን ታሻለች። እኔ ፈራሁ፤ ቀሚሱን ባነሣ ጨረስኳት፣ ዝም ብል ደግሞ መሄዷ ነው።

በመጨረሻ ጋሽ መርማሪ ተጠራ።

«መብራቱ ጋ የነበርከው አንተ ነህ። ያየኸውን ተናገር» አሉት ሊቀመንበሩ።

አለቀላት አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ነፋስን ሲከስ የኖረ ሰው፣ ዛሬ በዓይኑ በብረቱ ያያት እውነተኛ ጥፋተኛ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ቀን ለመርማሪ ሁለቴ አይመጣም። ሴትዮዋን አያት፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የማንም እጅ የለበትም» አለ።

ዘበኛው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ታዲያ መብራቱ በራሱ ዞረ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ብሎኑ ላልቶ ነው። ሳላጠብቀው ቀርቼ ነው። የእኔ ዝርክርክነት ነው።»

«ማነው እንዲህ በል ያለህ?»

«ማንም። አንዳንዴ ነገር በራሱ ይበላሻል፣ ጌታዬ።»

ይቺን ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁትን ሥቃይ በየትኛውም ተዋናይ ፊት አላየሁም። ያ ሰው እኮ ብሎን አጥብቆ፣ ከመሰላል ወርዶ፣ አላስችል ብሎት ተመልሶ ወጥቶ ደግሞ የሚያጠብቅ ነው። ኮሚቴው ቢያፋጥጠው፣ ቢያስፈራራው ንቅንቅ አላለም። ሌላ የሚይዙት ነገር ሲያጡ እሷን ለቀቋት፤ እሱን ግን ከመብራት አንሥተው ከትኬት ቆራጩ ጎን በር ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲህ መመርመር ተወ። ትኬቱን እየቀደደ ዝም ነው። የሥራ አስኪያጁ ቁልፍ ጠፍቶ ቤቱ ሲታመስ እንኳ ቀና ብሎ አላየም። የማታምኑኝ ከሆነ አትመኑኝ፣ ቤቱ ጭር አለብን፤ የሚጠረጥረን ሰው ናፈቀን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘንና በሩ ጋ ተሰብስበን ቆምን። ጋሽ መርማሪ ዙሪያውን ቃኘ።

«ጃንጥላዬ የት ገባ?» አለ። ቅንድቡ ወደ ላይ ሊነሣ ሲል መለሰው። «ግድ የለም፣ እኔ ነኝ የረሳሁት መሰለኝ።»

አንጀቴን በላው። ልናገር ስል ተዋናይቷ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

«የለም፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔም አለሁበት» አለ አዘጋጁ። ትኬት ቆራጩም አንገቱን ደፍቶ እጁን አወጣ።

ጋሽ መርማሪ አንድ በአንድ አየን። ቅንድቡ እንደ ድሮው ወደ ላይ ተነሣ፣ ደረቱ ተነፋ።

«ተደራጅታችኋላ!» አለ። «ተሰለፉ! አንድም ሰው ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል!»

ተሰለፍን። ጃንጥላው ራሱ ጋሽ መርማሪ በሚቀመጥበት ወንበር ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁላችንም እያየነው ነው፣ ግን ማናችንም አልነገርነውም።