ከደረቴ የወጣው ማንጎ የሚሸት ጋኔን

ጓዶች፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ አትላንታ አጠገብ፣ ኖርክሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጋኔን ወጣልኝ!

ቪዲዮም አለ። ግማሾቻችሁ በቴሌግራም ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ነጭ ለብሳ የምትዘለው፣ ከደረቷ ጭስ የሚወጣው ሴትዮ እኔ ነኝ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጋኔኑ ማንጎ ማንጎ ይሸት ነበር።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውራላችሁ። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ እኔው ራሴ ብዋረድ ይሻላል።

ታከር ከተማ ያለ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። አስር ሰዓት ቆሞ ካርቶን ማንሳት ነው። ከገና ወዲህ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። ካልሲ ለማድረግ ግድግዳ እደገፋለሁ። ገና ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ!

ዶክተር ጋ ሄድኩ? አልሄድኩም። የት ሄድኩ? ጋዝ ስቴሽን፣ ነዳጅ ማደያው ሱቅ።

ባንኮኒው ጋ ያለው ሰውዬ ወገቤን ይዤ ስገባ አይቶኝ፣ "ሲቢዲ ሞክሪ! ከካናቢስ ቅጠል ነው፣ ናቹራል ነው፣ አያሰክርም፣ ሱስ የለውም፣ ለሕመም፣ ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት" ብሎ አንድ እስክርቢቶ የምታክል፣ በባትሪ የምትጨስ ቬፕ አወጣልኝ። ያልነገረኝ በሽታ ቢኖር የጥርስ ብቻ ነው። የቀረው ፍሌቨር ማንጎ ነበር፣ ገዛሁ።

እኔ ደግሞ እንዴት አሰብኩ መሰላችሁ? ሲጋራ አይደለም። አያሰክርም። ከቅጠል ነው የተሠራው። ስለዚህ የጾም ነው!

አትሳቁ። እናንተም የሆነ ነገር "የጾም ነው" ብላችሁ ያለፋችሁት አለ።

ታናሽ እህቴ ናርዶስ ቻምብሊ ውስጥ ፋርማሲስት ናት። ስነግራት ጮኸችብኝ። "ሜሪ፣ ሳንባሽ ውስጥ ምን እያስገባሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ? የጻፉበትን ማን ቼክ አድርጎታል?" እኔም "አንቺ ክኒን ካልሆነ ምንም አያድንም ትያለሽ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

ሠራልሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላውቅም! አንዳንድ ቀን ቀለል ያለኝ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ሳል ግን ያለጥርጥር ሰጥቶኛል። ሁለት ወር ሙሉ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የአፓርታማችን ደረጃ ላይ ተደብቄ አጨስኩ። ይቅርታ፣ ቬፕ አደረግኩ።

አሁን እማማ አስካለን ላስተዋውቃችሁ። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው፣ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ እዚህ አገር እናቴ እሳቸው ናቸው። አምና እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ሆስፒታል ተኝተው፣ ለጥቂት ነው የተረፉት። ከዚያ ወዲህ የደም ማቅጠኛ በየቀኑ ይወስዳሉ። ጠርሙሱ ከቦርሳቸው አይለይም። ክኒኑን ግን አይወዱትም፣ "ሆዴን ፋርማሲ አደረጉት" ይላሉ።

ደግነታቸው ደግሞ! ሰሞኑን ሳልጠይቃቸው የበሬ እጀታ ላይ ማንጎ በፌስታል ያንጠለጥሉልኛል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ማንጎ ደግሞ አልወድም፣ ክሩ ጥርሴ ውስጥ ይገባል። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ እከተዋለሁ።

ዛሬ እንደተለመደው እማማን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ወገቤ ስለባሰብኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ሎት ወጣ ብዬ ሁለቴ ሳብ ላደርግ ፕላን ነበረኝ። የሐበሻ ቀሚስ ኪስ የለውም። ቦርሳዬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ቬፑን እዚያ ቦታ ደበቅኩት። ሴቶች፣ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቅዳሴው አለቀ። ልወጣ ስል እማማ እጄን ያዙኝ። "ዛሬማ ጠበል ሳትረጪ አትሄጂም፣ ወገብሽን አላየሁም መሰለሽ?"

እምቢ ይባላል?

ቄሳችን ደግሞ በጠበል ስስት አያውቁም። ጠብ ጠብ የሚያደርጉ መስሏችኋል? በጆግ ነው! አንዱን ፊቴ ላይ፣ ሁለተኛውን ቀጥታ ደረቴ ላይ ለቀቁት።

ጭጭጭስስስ አለ።

ቬፑ ውሃ ገብቶት፣ ማንም ሳይስበው በራሱ ተነሳ! መጀመሪያ ሞቀኝ። ከዚያ ፈጀኝ። ከዚያ ከነጠላዬ ሥር ነጭ ጭስ ቡልቅ አለ።

"ተቃጠልኩ!" ብዬ ጮህኩ። ምን ልበል? ተቃጥያለሁ!

እልልታው ቀለጠ። አንዷ "ወጣላት! ጭሱን እዩት!" እያለች ስልኳን ደቀነች። ሁለት ጎበዞች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ፣ ቬፑን ማውጣት አልቻልኩም። ስዘል ደግሞ ይባስ እልል አሉ።

ቄሱ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ እንደ ደንቡ ጋኔኑን መጠየቅ ጀመሩ። "ተናገር! ከየት ነው የያዝካት?"

ደንግጬ እውነቱ አመለጠኝ። "ከ... ከጋዝ ስቴሽን።"

"ጋዝ ስቴሽን!" አለ ሕዝቡ። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ "ኧረ እኔም ሁሌ እዚያ ነው የምቀዳው!" ብላ አማተበች።

እግዚአብሔር ይመስገን ባትሪው ሞተ። ጭሱ ቆመ። እማማ እያለቀሱ አቅፈው ሳሙኝ። "ወገብሽስ? ወገብሽስ ልጄ?"

እስኪ እኔ ቦታ ሁኑ። መቶ ሰው ያየኛል። ስልክ ተደቅኖብኛል። የመዝሙር ክፍል በሙሉ እያለቀሰ ነው።

"ለቀቀኝ" አልኩ።

ዋሸሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ! ቬፕ ታቅፌ!

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ ይህችን ፖስት አታዩዋትም ነበር። ሚስጥሬን ይዤ እቀበር ነበር። ግን እማማ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የደም ማቅጠኛውን ጠርሙስ አወጡ። "እሷን በአንድ ጆግ ያዳነ እኔን ያቅተዋል? ከዛሬ ጀምሮ ይበቃኛል!" አሉና በሩ ጋ ወዳለው የቆሻሻ በርሜል መራመድ ጀመሩ።

ሕዝቡ እልል ይላል። እኔ ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ያበጠው እግራቸው ታየኝ። ያን ጊዜ ወንበር ላይ አጠገባቸው ያደርኩት እኔ ነኝ። ክኒኑን ዛሬ የሚጥሉት በእኔ ውሸት ነው።

"እማማ፣ እንዳይጥሉት!"

አልሰሙኝም። እልልታው!

እና ምን አደረግኩ? እንደምንም አንድ እጄን ከጎበዞቹ አስለቅቄ እዚያ ቦታ ከተትኩ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቬፑን መዝዤ ወደ ላይ አነሳሁት። "ጋኔኑ ይሄ ነው! ቬፕ ነው! ሲቢዲ ነው! ጋዝ ስቴሽን ነው የገዛሁት! ወገቤም አልለቀቀኝም፣ አሁንም እያመመኝ ነው!"

እልልታው ቆመ።

እማማ ጠርሙሱን በርሜሉ አፍ ላይ እንደያዙ ቆመዋል።

ቄሱ ቬፑን ተቀብለው አገላበጡት። አሸተቱት። "ማንጎ" አሉ። ከዚያ ወደ እማማ ዞሩ። "እማማ፣ ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው። መድኃኒት ጣሉ ያለዎት ማነው? ቢጥሉት እኔ ራሴ በርሜሉ ውስጥ ገብቼ ነው የማወጣው።"

እማማ ጠርሙሱን አዩት። ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። ዚፑንም ዘጉት!

አሸነፍኩ ጓዶች! በሕይወቴ እንደዛሬ ተዋርጄ አላውቅም፣ እንደዛሬም አሸንፌ አላውቅም። ጎበዞቹ ክንዴን ለቀቁኝ። አንዱ ግን አሁንም ራቅ ብሎ ነው የቆመው።

አላለቀም። እማማ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "ለመሆኑ ይሄ ነገር ለጉልበት ይሆናል?" አይሉኝም!

ናርዶስ ጋ ደወልኩ። ስፒከር ላይ አደረግኳት። ቄሱም ሰሙ፣ የመዝሙር ክፍልም ሰማ። "እማማ፣ ሲቢዲ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኝ ደም ሊያፈስስብዎት ይችላል፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ እንዳይነኩት! ለአንዳንድ የሚጥል በሽታ ሐኪም የሚያዝዘው፣ በአፍ የሚወሰድ አለ። ለሕመምና ለእንቅልፍ ገና እየተጠና ነው፣ ነገ ጥሩ ነው ሊሉት ይችላሉ። እንደዚያም ሆኖ ጭሱን ወደ ሳንባ መሳብ ሌላ ጣጣ ነው። የጋዝ ስቴሽኑ ውስጥ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል? የሚያሰክረውም ሊኖርበት ይችላል፣ ሜሪ ሥራ ቦታ ቴስት ብትደረግ ትወድቃለች።"

ይሄን ለእኔም ነግራኝ ነበር። ስልኩ ተዘግቶባት ነው እንጂ።

"ሜሪ፣ ተቃጥለሻል?" አለችኝ ቀጥላ። "ትንሽ" አልኩ። "የት?" አለች። ስፒከር ላይ መሆኗን ነገርኳት።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ መኪና ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ተቀየሙኝ ብዬ ልቤ ተሰበረ። ልንደርስ ስንል "እና ማንጎ አትወጂም?" አሉኝ።

"ማለት?"

"ደረጃው ሁሌ ማንጎ ማንጎ ይሸት ነበር። ልጄን ማንጎ አምሯት ነው እያልኩ..."

መኪናውን ዳር አስይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅኩ። ከዚያ ስስቅ ወገቤ ያዘኝ።

አሁን ሁኔታው ይሄ ነው። ቬፑ ቄሱ ጋ ቀርቷል፣ አልጠይቃቸውም። ለማክሰኞ ዶክተር ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ናርዶስም አብራኝ ትገባለች፣ ብቻዬን ልሂድ ብል አታምነኝም። እማማ የዛሬውን ክኒን ፊቴ ዋጡት። ቪዲዮው ላይ "እህታችን እንኳን ማረሽ" የሚሉ ኮሜንቶች አሉ፣ አሜን ብያለሁ። ፍሪጄ ውስጥ አሥራ አንድ ማንጎ አለ፣ ታከር አካባቢ ያለ ይምጣና ይውሰድ።

ይሄን እየጻፍኩ በሬ ተንኳኳ። እማማ ናቸው። በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል። "ይሄንንስ ትወጃለሽ?"

እስኪ ፍረዱኝ፣ ከዛሬ በኋላ እኚህን ሴትዮ ብርቱካንም አልወድም የምላቸው በየትኛው አፌ ነው?