ትራንክ ውስጥ የሚያድር ካፖርት

እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ካፖርትህን የት ነው የምታስቀምጠው? ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳትለኝ። የእኔ የመኪናዬ ትራንክ፣ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አፓርታማዬ ምድጃዋና ቁም ሳጥኗ ቢራራቁ ሦስት እርምጃ ነው። እሁድ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ሰኞ አሳንሰር ውስጥ ሰው እየዞረ ያየኛል። ስለዚህ ካፖርቱ መኪና ውስጥ ያድራል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥኩ እሮጥለታለሁ። ይህን ለፈረንጅ ተናግሬ አላውቅም ነበር። አንተስ?

ለማንኛውም። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ ቪላ አለ። ድሮ አንድ የስኮትላንድ ነጋዴ ያገሩን ቤት እንዳለ አምጥቶ የተከለው ይመስላል። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ። ማዕዘኑ ላይ ሹል ቆብ የደፋ ክብ ማማ። የጣሪያው ጠርዝ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ይወጣል፤ ለድመት የተሠራ ነው የሚመስለው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ለቅዳሜ አስጎብኚ ይፈልጉ ነበር።

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የቤት ፕላን የምነድፍ ድራፍትስማን ነበርኩ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በእርሳስ የጻፍኩት የመኪና ታርጋ ብቻ ነው፤ ፓርኪንግ ነዋ የምሠራው። ይህን ሥራ ፈለግኩት። በጣም።

ኃላፊዋ ዶሪስ የምትባል ቀጭን አሮጊት ናት። ዘመዶችህን አምጣና አስጎብኝ፤ ከኋላ ሆኜ ሰምቼ የዛኑ ዕለት እወስናለሁ አለችኝ። ማንን ላምጣ? ስፕሪንግፊልድ ያሉትን አክስቴን፣ እትዬ በላይነሽን። ልጃቸው ሊሊ ይዛቸው መጣች። እትዬ አገር ቤት ሳሉ ሃያ ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ቪላ ወጥ ቤት ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ከማማው ጀመርኩ፤ በእንግሊዝኛ፣ እንዳጠናሁት። እትዬ ቀና ብለው አዩት። "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል? የሸረሪት ማርቢያ!"

ዶሪስ ምን አሉ አለችኝ። ማማውን በጣም ወደውታል አልኳት።

"ኖ፣ ሺ ዲድንት!" አለች ሊሊ። "ማሚ ስፓይደር ነው ያለችው!"

ዘመድ አመጣሁ ብዬ! ዶሪስ ከአሁን በኋላ ያሉትን እንዳሉት ንገረኝ ብላ እስክሪብቶ አወጣች። ሥራው በማማው በኩል ሲበር ታየኝ።

ወደ ውስጥ ገባን። ከሳሎኑ ወደ ወጥ ቤት የሚወስደው ኮሪደር ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ ሁለት ወፋፍራም በሮችም አሉት። የተሰጠኝ ወረቀት ጎራዴ የያዘ ጠላት ሮጦ እንዳይገባ ነው ይላል። ለእትዬ በአማርኛ ደገምኩላቸው።

ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። "የምን ጎራዴ! ሰውዬው የፈራው ሽንኩርት ነው። ጠላት በወጥ ቤት በኩል የሚመጣው ምን ሊያደርግ ነው? ወጥ ሊያማስል?"

እሺ፣ ከዋናው በር አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍልስ? ወረቀቱ የጸሎት ክፍል ነው የሚላት። እትዬ ተመልሰው ገቡና ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የእንጨት ኩላቦች ዳሰሱ።

"አይ ልጄ፣ ይቺማ የካፖርት ቤት ናት። ከምድጃው እንዴት አድርጎ እንዳራቃት አታይም?"

ዶሪስ እየጠበቀችኝ ነው። ምን ላድርግ? ተረጎምኩ። ሽንኩርቱንም ሳይቀር። በምን አወቁ ስትለኝ ደግሞ የትራንኬን ጉድ ተናዘዝኩ።

ዶሪስ ሄዳ በሮቹን አንድ በአንድ ዘጋች። ከፈተች። እንደገና ዘጋች። ከዚያ፣ "የእናቴ ቤት ጎመን ጎመን ይሸት ነበር፤ ትምህርት ቤት ካፖርቴን ከሌሎቹ ልጆች ጋር አልሰቅልም ነበር" አለችኝ።

ሥራውን አገኘሁ። ጎራዴው ከንግግሬ ወጣ፣ ሽንኩርቱ ገባ።

ከሥራው ጋር ደረቱ ላይ ማማው የተጠለፈበት የሱፍ ጃኬት ተሰጠኝ። ዶሪስ ቤትህ ወስደህ ስቀለው አለችና ራሷው ሳቀች። የት እንደሚያድር ታውቃለህ።

በቀደም ለእትዬ ጉራዬን ነዛሁ። ስኮትላንዳዊው ለዚህች ጉዳይ ኮሪደር አጣመመ፣ ሁለት በር አሠራ፣ ክፍል ጨመረ። እኔ በአንድ ትራንክ ጨረስኩት። ታዲያ ከሁለታችን የሚበልጠው አርክቴክት ማን ነው?

"እሱ ነዋ" አሉ። "እሱ መቼ በብርድ በሸሚዝ ሲሮጥ ታየ?"