ያገለገሉ አባቶች ተራ

ትናንት ሌሊት እኔ ተኝቼ ዓለም ተገልብጣ አደረች። እራት በዝቶብኝ ነው እንዳልል፣ እራቴ እንደተከደነ ነው ያደረው። ከድካሜ ብዛት ጫማዬን እንኳ አንዱን ብቻ ነበር ያወለቅኩት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሕልሙ በፊት የነበረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ምንውየለት ነው። ቤቴ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሜክሲኮ፣ አንድ መነጽር ቤት ውስጥ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ሳይ እውላለሁ። የልጄን የኤልዳናን ዓይን ግን ተከፍቶ የማየው እሁድ ብቻ ነው። ስወጣ ተኝታለች፣ ስገባም ተኝታለች። መሃሉን የታክሲ ሰልፍ ይበላዋል። ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ የቀን ስም በደንብ አታውቅም። እሷ ዘንድ እሁድ ማለት አባቷ ቤት የሚገኝበት ቀን ነው፣ በቃ።

ባለቤቴ ሕሊና «መኪና እንግዛ» ካለች ቆየች። እቁቡም ደርሶናል። ከማል የሚባል ደላላ አንዲት ነጭ፣ ትንሽዬ ሃይብሪድ አሳየኝ። ቤንዚንም ባትሪም አላት፤ መንገድ ሲዘጋጋ ሞተሯን አጥፍታ በባትሪ ዝም ብላ ትንፏቀቃለች። ወደድኳት። ከዚያ ያው እንደ ወጉ ሰው ማማከር ጀመርኩ። ወይኔ! እዚያ ላይ ነው ያለቀልኝ። የሥራ ባልደረባዬ «ግማሽ ቤንዚን፣ ግማሽ ኤሌክትሪክ ምን የሚሉት ነገር ነው? ወይ አንዱን ነው፣ ወይ አንዱን!» አለኝ። የሕሊና ወንድም «ቆይ፣ ይረክሳል» አለ። ጎረቤታችን ጋሽ ታረቀኝ ደግሞ፣ በዕድሜያቸው መኪና ኖሯቸው የማያውቁት ሰውዬ፣ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ክንዴን ጨብጠው «ባትሪዋ የሞተ ቀን ማን ይሠራልሃል? ደግሞስ ስትሸጣት ማን ይገዛሃል?» ይሉኛል። ገና ሳልገዛት የምሸጥበትን ቀን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ከማል በደወለ ቁጥር «ላስብበት» እለዋለሁ። ትናንት ተማረረብኝ። «ወንድሜ፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ! ሌላ ገዢ አለ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እኔም ላስብበት ብዬ ጋደም አልኩ።

በሕልሜ ታክሲ ተራ ሄድኩ። ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ግን ታክሲዎቹ ናቸው። አጥሩን ዞረው፣ መብራታቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል። የመጣው ሁሉ ከፊቱ ያለውን «ወንድም፣ መጨረሻው አንተ ነህ?» እያለ ይጠይቃል። ሰው ደግሞ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማኪያቶውን ይጠጣል። አንድ ረዳት እጁን አጣምሮ ቀረበኝ።

«ጌታዬ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ወደ ሜክሲኮ?»

«ትርፍ ትጭናላችሁ?»

«ኧረ በጭራሽ! እርስዎ ይተኛሉ፣ እኛ ቆመን እንሄዳለን።»

ገባሁ። ረዳቱ ለተሳፋሪው ሁሉ እየዞረ ሒሳብ አደለ። እኔ ጋ ሲደርስ «ዝርዝር የለኝም» ብዬ ገላመጥኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ። ሾፌሩ የኋላ ወንበር ላይ ጥቅልል ብሎ ተኝቷል። ትንሽ እንደሄድን ብድግ አለና «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ። ማንም ግድ አልሰጠውም። ታክሲው ራሱ «የት ነበር ያልከኝ?» አለኝ።

መነጽር ቤቱ ጋ ስንደርስ አለቃዬ አቶ ፍሬሰንበት በር ላይ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ጋሼ ምንው፣ ይቅርታ፣ አረፈድኩብዎ» አሉኝ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኳቸው ኮስተር ብዬ።

«ተሳፋሪ አጥተን ታክሲው አልንቀሳቀስ ብሎኝ።»

«ለዛሬ አልፌሃለሁ» አልኩ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ! ይህን ነገር ለሕሊና ነግሬ ሳልስቅ አላድርም ብዬ በዚያው ታክሲ ወደፊት ቀጠልኩ።

አደባባዩ ላይ አንዲት አህያ ትራፊክ ፖሊሱን አስቁማ መንጃ ፈቃድ ትጠይቀዋለች።

«ከአቅምህ በላይ ጭነሃል» አለችው። ሰውየው የያዘው ፊሽካ ብቻ ነው።

«ለዛሬ ማሪኝ፤ የልጆች አባት ነኝ።»

አህያዋ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። «አባት ነህ? ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ቦታህ እዚያ ነው» ብላ ወደ ቀኝ ጠቆመችው። ዘወር ስትል እኔን አየችኝ። «አንተም ውረድ!» አለች። ወረድኩ።

ትልቅ ግቢ ነው። በሩ ላይ «ያገለገሉ አባቶች መሸጫ» ተብሎ ተጽፏል። አባቶች ታጥበው፣ ተወልውለው፣ በመስመር ቆመዋል። እኔንም አሰለፉኝና ግንባሬ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጠፉብኝ። ገዢዎቹ ልጆች ናቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይዞራሉ፤ ጎማ እንደሚፈትሽ ሰው ጫማችንን በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ከጎኔ የቆመውን ሰውዬ ፀጉር በጥፍሯ ፋቅ አደረገችና «ይሄ ቀለም ተቀብቷል፤ ግጭት ይኖረዋል» ብላ አለፈችው። ሰውዬው አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ።

«አይዞህ፣ ሌላ ትመጣለች» አልኩት።

«ከክረምት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አለኝ።

ከፊት ለፊታችን ግን አንድ አጭር፣ ክብ፣ እዚህ ግባ የማይባል አባት ላይ ልጅ ሁሉ ተረባርቧል። አንዱ በእጁ፣ ሌላው በኮቱ ይጎትተዋል። «እሱ ምን ቢኖረው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ባለቀለሙ ሰውዬ «ምንም የለውም። እንደሱ ያለ አባት ሠፈሩን ሁሉ ስለሞላ፣ ሲሸጥ ዋጋ አለው ይላሉ» አለኝ። አጭሩ ሰውዬ ሲጎተት ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁበትም።

የእኔ ሻጭ ያው ከማል ነው። መላጣዬን በጨርቅ እየወለወለ «ቆንጆ አባት! ጭረት የሌለው አባት! ቀረብ ብላችሁ እዩት!» ይላል።

ያኔ ኤልዳና ገባች። የእሁድ ጫማዋን፣ ቀዩን፣ አድርጋለች። «ልጄ!» ልላት አፌን ስከፍት «ጢጥ!» አለ። ሌላ ድምፅ የለኝም። ብቻዋን አልመጣችም፤ አስተዋይ ልጅ ናትና መካኒክ ይዛለች። መካኒኳን ሳያት ማን ትሁን? ያቺ ነጭ ትንሽዬ ሃይብሪድ! ሰማያዊ ቱታ ለብሳ በኋላ ጎማዎቿ ቆማ ትራመዳለች። የሞተር ድምፅ ስለሌላት አጠገቤ እስክትደርስ አልሰማኋትም። ከኋላቸው ጋሽ ታረቀኝ የመዋዕለ ሕፃናት ዩኒፎርም ለብሰው፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ኩስ ኩስ ይላሉ።

ኤልዳና ዙሪያዬን ዞረችኝ።

«ስንት ሞዴል ነው?»

«ሰባ ዘጠኝ» አለ ከማል። «ግን አያያዙን እዪው!»

«ብዙ ሄዷል?»

«ከኮዬ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ኮዬ። ሌላ ቦታ ሄዶ አያውቅም።»

«ይበላል?»

«ኧረ ምን በወጣው! ማታ የቀረበለትን እንኳ ሳይነካ ነው የሚተኛው።»

«ጠዋት ይነሳል?»

«ወዲያው! ገና ሳይነጋ!»

«እሱን እኮ ነው የምለው» አለች ልጄ። «እኔ ስነሳ የለም።»

ከማል ጨርቁን ኪሱ ከተተ። መካኒኳ መብራቷን አብርታ ዓይኔን እየገለበጠች አየች። ከዚያ የጎን መስታወቷን ደረቴ ላይ ለጥፋ አዳመጠች።

«ሞተሩ ደህና ነው» አለች ቀስ ብላ። «ባትሪው ግን አልቋል። ቤት የሚደርሰው ሁልጊዜ ባዶውን ነው።»

«ይሞላል?»

«ይሞላል። ካንቺ ጋር ከዋለ ይሞላል።»

ጋሽ ታረቀኝ ዳቧቸውን እየገመጡ መሃል ገቡ። «ልጄ፣ ምክሬን ስሚ፣ ይቅርብሽ! እንዲህ ያለ አባት መለዋወጫ የለውም። ደግሞስ ስትሸጪው ማን ይገዛሻል?»

ኤልዳና ቀና ብላ አየቻቸው። «ለምንድነው የምሸጠው? አባቴ ሊሆን እኮ ነው!»

ባለቀለሙ ሰውዬ ማልቀስ ጀመረ። እኔም አለቀስኩ፤ «ጢጥ፣ ጢጥ» ከማለት ሌላ ግን አልቻልኩም።

«እስቲ ልሞክረው» አለች።

ተንበረከክሁላትና ትከሻዬ ላይ ወጣች። ጆሮዎቼን እንደ መሪ ያዘችና «ሂድ!» አለችኝ። ልሮጥ ነበር። ያን ግቢ እየዞርኩ እስክትስቅ፣ ስቃ እስክትደክም ልሮጥ ነበር። አንድ እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ። አሁንም አንድ እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ። ከፊቴ ማንም የለም፣ ሜዳው ወለል ያለ ነው። እግሬ ግን ከፊቱ የሌለው ሰው ፈቀቅ እስኪልለት ይጠብቃል። «ሂድ እንጂ!» አለችኝ። እግሬን ቆነጠጥኩት፣ ለመንኩት። ምንም።

«ምን ሆኖ ነው የሚቆመው?» አለች።

«ሰልፍ ለምዶ ነው» አለች መካኒኳ። አዝናልኛለች፤ አነጋገሯ ያስታውቃል።

ኤልዳና ወረደች። ጉንጬን ዳበስ አደረገችኝ። ከዚያ ያንን ቃል፣ የራሴን ቃል፣ በራሴው አነጋገር መለሰችልኝ።

«ላስብበት።»

«እስከ መቼ?» አላት ከማል።

«ትልቅ እስክሆን።»

እጇን ለሃይብሪዷ ሰጥታ ሄደች። «ጢጥ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር አላለችም። መካኒኳ ድምፅ ስለሌላት በየት በኩል እንደወጡ እንኳ መስማት አልቻልኩም። ከማል ግንባሬ ላይ ያለውን ወረቀት ነቅሎ «ቅናሽ አለው» የሚል ለጠፈብኝ። ጋሽ ታረቀኝ «ነግሬያት ነበር» አሉ። «ጢጥ! ጢጥ! ጢ…»

አየር አጠረኝ። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ ክፍሉን ሞልታዋለች። ኤልዳና ደረቴ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዬን ጨምድዳ ይዛለች።

«አባዬ፣ እንደ መኪና ክላክስ ታደርጋለህ!» አለች። ከዚያ ፊቷ በራ። «እሁድ ሆነ እንዴ?»

ረቡዕ ነበር። ሕሊና በሩን ተደግፋ «ብቀሰቅስህ፣ ብቀሰቅስህ ‹ጢጥ› ትለኛለህ። ምን ላድርግህ?» አለችኝ። ልስቅ ብዬ እንባዬ ቀደመኝ። ኤልዳና መልሴን አልጠበቀችም፤ ሮጣ ቀዩን ጫማዋን አወጣችና ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አደረገችው። ረቡዕ ነው ብሎ ማን አፉን ሞልቶ ይንገራት?

ስልኬ ጮኸ። ከማል ነው።

«ሌላው ገዢ መካኒኩን ይዞ እየመጣ ነው። ትገዛለህ፣ አትገዛም?»

«እገዛለሁ!»

«አታስብበትም?»

«አስቤ ጨርሻለሁ!»

«እንግዲያው ቶሎ ድረስ። ቀድሞ የመጣ ይወስዳታል።»

አለቃዬ ይጮሁብኛል፤ ይጩሁ። ኤልዳናን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ ደረጃውን ወረድኩ። ጋሽ ታረቀኝ እንደ ልማዳቸው ክንዴን ሊይዙ እጃቸውን ዘርግተው «ቆይ እስቲ፣ ባትሪዋ…» ሲሉ «ደህና ዋሉ፣ ጋሼ!» ብዬ አለፍኳቸው። እግሬ ይሮጣል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሮጣል! ልጄ ከላይ እየሳቀች እስከ ታክሲ ተራው አንዴም አልቆምኩም።

ሰልፉ አጥሩን ዞሮ፣ ሱቁን ዞሮ፣ ተመልሶ ሊገናኝ ትንሽ ነው የቀረው። ታክሲ የሚባል ነገር በዓይን አይታይም። አንዲት እናትን «መጨረሻው እርስዎ ነዎት?» ብዬ ጠየቅኩና ከኋላቸው ቆምኩ። አንድ እርምጃ ሄድንና ቆምን። ስልኬ ጮኸ።

«ሰውዬው መጥቷል፤ ሥሯ ገብቶ እያያት ነው» አለኝ ከማል። «አንተ የት ደረስክ?»

ኤልዳና ጆሮዎቼን እንደ መሪ ይዛ «አባዬ፣ እሁድ ደስ ይላል» ትለኛለች።

«ደርሻለሁ!» አልኩት። «በሩ ላይ ነኝ!»